በጂማ የማብሰያ ጋዝ ዋጋን እንዴት ልመዝግብ?

የቆጪዋ አብሳይ

ሰላም ለሁላችሁ። ጂማ ቆጪ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለጥቂት መምህራን በወር ክፍያ ምሳና እራት የማበስል ሴት ነኝ። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፣ ቡናው በከሰል ይፈላል፣ ወጡና ሻዩ ግን ሙሉ በሙሉ በሲሊንደር ጋዝ ነው።

ችግሬ እንዲህ ነው። በርበሬ ሲወደድ በኪሎ ስንት እንደነበረና ስንት እንደገባ ማንም ያውቃል። የጋዝ ዋጋ ግን አይጨበጥም። አንዱ ሱቅ የሚነግረኝ የሙሌቱን ብቻ ነው፤ ሌላው የባጃጁን ደምሮ ይናገራል፤ ሦስተኛው ባዶ ሲሊንደሬን ተቀብሎ ሌላ ሲሰጠኝ የልዋጭ ብሎ ይጨምርበታል። በዚያ ላይ በአንድ ዋጋ ከገዛኋቸው ሁለት ሲሊንደሮች አንዱ ከሌላው ቀድሞ ያልቃል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጋዝ ከከተማው ጠፍቶ በከሰል ሳበስል ሰነበትሁ። ከወጪዬ ሁሉ የከበደው የዚያ ወር ነበር፤ ደብተሬ ላይ ግን በጋዝ ረድፍ የተጻፈ ምንም ነገር የለም።

ደንበኞቼ ተማሪዎች ናቸው፤ የእነርሱም ኪስ ያሳዝነኛል። ዋጋ ስጨምር “እትዬ፣ ምኑ ጨመረ?” ብለው ሲጠይቁኝ ደብተሬን ገልጬ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ከአፌ ብቻ ሰምተው እንዲያምኑኝ አልፈልግም።

ታናሽ እኅቴ ቺካጎ ትኖራለች። እዚያ ጋዙ በቧንቧ ቤቷ ድረስ ይገባል፤ ቆጣሪው ተነብቦ በየወሩ ሒሳብ ይመጣላታል። የላከችልኝ የሒሳብ ወረቀት ላይ መለኪያው ቴርም ይባላል። እርሷ እንደምትለኝ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የቺካጎንና የዙሪያዋን አማካይ የጋዝ ዋጋ በቴርም እያሰላ በየወሩ ለሕዝብ ያወጣል። የፈለገ ሰው ከፍቶ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ያስተያያል። ይህን ስሰማ ቀናሁ።

እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ ለጂማ እንዲህ ያለ መዝገብ ብጀምር ምን ምን ልጻፍ? የእኅቴንስ ዋጋ ከእኛ ጋር ማነጻጸር ይቻላል? በሥራው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለ ሱቁ ከመርካቶ

እኅቴ፣ እኔ የምድጃና የጋዝ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ከሁሉ በፊት ሚዛን ያዥ። “ሲሊንደር ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ “ጆንያ ስንት ነው?” እንደማለት ነው፤ ውስጡ ያለው ስንት ኪሎ እንደሆነ ካልታወቀ ዋጋው ዋጋ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሲሊንደሩ አንገት ዙሪያ ወይም በእጀታው ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል። ብዙ ጊዜ ቀለም ይደራረብበትና አይነበብም። ያን ጊዜ ነጭ ጠመኔ በደንብ ቀቢበትና በደረቅ ጨርቅ ላዩን ብቻ ጥረጊው። ጠመኔው በተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀርና ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሙሉውን ሲሊንደር ሚዛን ላይ አቁሚው። ለምሳሌ ባዶው 13 ኪሎ ተኩል ተብሎ ከተቀረጸና ሚዛኑ 26 ካለ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ 12 ኪሎ ተኩል ነው። ሚዛኑ 25 ብቻ ካለ አንድ ኪሎ ጎድሏል። የከፈልሽውን ብር በኪሎው አካፍይው፤ እውነተኛው ዋጋ ያ ነው። ጂማ ውስጥ ሚዛን ፍለጋ ሩቅ አይኬድም፤ ቡናና እህል የሚነግድ ሁሉ አለው።

ግፊት መለኪያ ገዝታችሁ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ የምትሞክሩ አትልፉ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በግፊት ፈሳሽ የሆነ ነው። ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ስለሆነ መለኪያው ሙሉ ነው ይላችኋል፤ ሊያልቅ ሲል ብቻ በአንዴ ይወርዳል። ለቤት ግምት ግን ለብ ያለ ውኃ ከላይ ወደ ታች በሲሊንደሩ ጎን ላይ አፍስሱና በእጃችሁ ዳስሱት። ጋዙ ባለቀበት በኩል ሞቅ ይላል፣ ፈሳሹ ባለበት ይቀዘቅዛል፤ ድንበሩን እጃችሁ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ። ጋዙ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን ለማውጣት ሲሊንደሩን የሚያጋድሙ፣ ከዚያም አልፈው ከእሳት አጠገብ የሚያሞቁ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚሠራው። ተጋድሞ ሲቀር ፈሳሹ ራሱ ወደ ምድጃው ይሄዳል። የእኛ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ጎማውንና መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ መፈተሽ ልማድ ይሁንላችሁ።

ጡረተኛው ዋጋ ሰብሳቢ

የቆጪዋ እኅቴ፣ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ከገበያ ገበያ እየዞርሁ የችርቻሮ ዋጋ በመሰብሰብ ነው። ባለ ሱቁ ስለ ሚዛን የተናገረው ሁሉ ልክ ስለሆነ አልደግመውም። እኔ ስለ ደብተሩ ልንገርዎ።

የዋጋ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ያው ዕቃ፣ በያው መጠን፣ ከያው ቦታ፣ በያው ጊዜ ሲመዘገብ ነው። ከጂማ ሰፈሮች ዛሬ ከአጂፕ፣ በሚቀጥለው ወር ከመርካቶ፣ ከዚያ ደግሞ ከሂርማታ እየጠየቁ ቢጽፉ፣ ዋጋው ይለወጥ ሱቁ ይለወጥ አይለይም። ሁለት ወይም ሦስት ሱቅ ይምረጡና አይለውጡ። ቀኑንም ያስሩት፤ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ለመውጣትም ያመቻል። የሲሊንደሩም ልክ አንድ ይሁን፤ የትንሹንና የትልቁን ዋጋ በአንድ ረድፍ አይቀላቅሉ።

ሁለተኛው ነገር፣ የተባለውን ሳይሆን የተከፈለውን ይጻፉ። የሙሌቱን፣ የማመላለሻውንና የልዋጩን ለየብቻ፣ ከዚያም ድምሩን። እነዚህን መለየት ምን ይጠቅማል ቢሉኝ፣ ወደ እኅትዎ የሒሳብ ወረቀት እመልስዎታለሁ። እርሷ የምትከፍለው አንድ ዋጋ ይመስላል እንጂ በውስጡ የጋዙ ዋጋ አለ፣ በቧንቧ የማድረሻው አለ፣ ብትጠቀምም ባትጠቀምም በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ክፍያ አለ፣ ታክስም አለ። የጋዙ ዋጋ ከገበያው ጋር በየወሩ ይወጣል ይወርዳል፤ ቋሚው ክፍያ ግን ካለበት ቶሎ አይነቃነቅም። ስለዚህ በበጋቸው ቤት ማሞቅ ሲቀርና ፍጆታው ሲያንስ ያ ቋሚ ክፍያ ለጥቂት ቴርም ይካፈልና አንዱ ቴርም የተወደደ ሆኖ ይታያል። በክረምታቸው ብዙ ስለሚጠቀሙ ጠቅላላ ሒሳቡ ይከብዳል፣ የአንዱ ቴርም አማካይ ግን ሊረክስ ይችላል። የእኛ ባጃጅም ይኸው ጠባይ አለው። ለትንሽ ሲሊንደርም ለትልቅም የሚጠይቀው ብዙ አይራራቅም፤ ስለዚህ በትንሽ ሲሊንደር የሚገዛ ድሃ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ ከባለ ትልቁ በላይ ይከፍላል። ደብተርዎ ይህን ካላሳየ የጎረቤትዎን እውነት ደብቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጋዝ የጠፋበትን ቀን ባዶ አይተዉት። “የለም” ብለው ይጻፉ። ቺካጎ ውስጥ ጋዝ ከቧንቧው የሚጠፋበት ወር ስለሌለ፣ የዋጋ ሰንጠረዡ ስለ መኖርና አለመኖር የሚናገረው ነገር የለም። እኛ ዘንድ ግን ሱቁ “ዋጋው ያው ነው፣ ግን የለኝም” ሲል ዋጋው ያው አይደለም። ያን ጊዜ እርስዎ የሚከፍሉት ዋጋ የከሰሉ ዋጋ ነው። ስለዚህ “የለም” ከተባለበት ቀን አጠገብ በምን እንዳበሰሉና ስንት እንዳወጡበት ይጨምሩ። ሰብሳቢ ሳለሁ ዕቃው በጠፋ ጊዜ ያለፈውን ወር ዋጋ ገልብጦ ማለፍ የሚቀናቸው ነበሩ፤ እኔ ይህን ፈጽሞ አልወድም። መዝገቡ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ቤቱ ግን እየተቃጠለ ነው።

አራተኛው፣ ምክንያትን በዋጋው ረድፍ አያስገቡ። ከጎን ማስታወሻ ይያዙ። የእኛ የሲሊንደር ጋዝ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ዶላር፣ የጂቡቲ ወደብና የጭነት መኪናው ነዳጅ ሁሉ ያርፉበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ዋጋ በአንድ መስመር የሚያይ ሰው ያንን ቀን ሳያውቅ ምንም አይገባውም። በዓለም ገበያም የሳዑዲው ነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ሲሊንደራችን ውስጥ ያሉትን ጋዞች፣ የፕሮፔንንና የቡቴንን ዋጋ በየወሩ ያውጃል፤ ብዙ አገር የሚገዛው ያንን መነሻ አድርጎ ነው። እኔ ብሆን እነዚህን በደብተሩ ኅዳግ ላይ በቀን በቀኑ እጽፋለሁ። ከአዲስ አበባ ጂማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም አይርሱ፤ የመኪና ነዳጅ ተመን ሲከለስ ያንን ቀን ያስፍሩት።

የማነጻጸሩን ነገር በተመለከተ፣ አንድ ቴርም የሙቀት መጠን እንጂ የክብደት መለኪያ አይደለም፤ 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእኛ አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ስለሚይዝ፣ 12 ኪሎ ተኩል የያዘ ሲሊንደር ከ5 ቴርም ተኩል እስከ 6 ቴርም ይሆናል። ለማወቅ ያህል ያስተያዩ። ነገር ግን የእርሷ ሜቴን ነው፣ ከምድራቸው ወጥቶ በቧንቧ የሚመጣ፤ የእኛ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ በመርከብና በመኪና የሚመጣ። ሁለቱን አነጻጽሮ “ተበደልን” ከማለት፣ የጂማን ከጂማ ጋር፣ የዘንድሮን ከአምና ጋር ማስተያየት ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ከፈረንጅ አራዳ

እኔ የምጨምረው ስለ ምትክ ማገዶ ነው፤ ጋሼ እንዳሉት ጋዝ ሲጠፋ የሚከፈለው የምትኩ ዋጋ ስለሆነ።

በግምት ሲሰላ አንድ ኪሎ ጋዝ ድስት ላይ የሚሠራውን ሥራ የኤሌክትሪክ ምድጃ በ9 ወይም በ10 ኪሎዋት ሰዓት ይሠራዋል። በተለመደው የከሰል ምድጃ ደግሞ ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ከሰል ይፈጃል፤ ምክንያቱም ከከሰል ሙቀት አብዛኛው ወደ ድስቱ ሳይገባ ይባክናል። ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ያላት ሰው ከዚህ ባነሰ ከሰል ታበስላለች። እነዚህን ቁጥሮች ደብተርሽ ሽፋን ላይ ጻፊያቸው፤ በወሩ የቱ እንደረከሰ በሁለት መስመር ሒሳብ ታውቂዋለሽ።

በኤሌክትሪኩ በኩል ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲከለስ ተወስኗል። ፍጆታ ሲጨምርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በእርከን ይወጣል። ምጣድሽ ቀድሞውንም በኤሌክትሪክ ስለሆነ ወጡንም ጨምረሽ ብታበስዪበት ወደ ላይኛው እርከን ልትገቢ ትችያለሽና ሒሳቡን በአንደኛው እርከን ዋጋ አትሥሪው። የግልገል ጊቤ ግድብ ከአጠገባችን ሆኖ መብራት እየሄደ ምሳ ጥሬ የሚቀርበት ቀን መኖሩ እኔን በጣም ያንገበግበኛል፤ ያንንም “የለም” ብለሽ ጻፊው።

ከሰል በጆንያ ከገዛሽ መዝኚው። በክረምት እርጥብ ከሰል ይከብዳል፤ የምትከፍዪው ለውኃም ጭምር ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

እትዬ፣ እኔ ከእነዚያ “ምኑ ጨመረ?” ከሚሉት ተማሪዎች አንዱ ልሆን እችላለሁ። ደብተሩን ካሳዩን እኛም ለሌሎች እናስረዳለን፤ ሲረክስ ደግሞ እንዲሁ ያሳዩን።

ጥያቄ ግን አለኝ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል። የራሳችን ጋዝ ከወጣ የሲሊንደሩ ዋጋ አይረክስም? ጥቂት ወራት መጠበቅ አይሻልም?

ባለ ሱቁ ከመርካቶ

ወንድሜ፣ እኔም በምረቃው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የካሉቡ ጋዝ በዋናነት ሜቴን ነው፤ እንደ እኅታቸው የቺካጎ ጋዝ ማለት ነው። ሜቴንን ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ የሚጓጓዘውም ለዚያ ቅዝቃዜ በተሠራ ልዩ ታንከር ነው። በእኛ ሲሊንደር አይሞላም፣ አሁን ባለው ምድጃችንም እንዳለ አይነድም። የቤት ምድጃ ከአንዱ ጋዝ ወደ ሌላው ሲዞር ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ራሱ መለወጥ አለበት። ስለዚህ በካሉብ ጋዝ ዜና ብቻ ተነሥታችሁ የሲሊንደር ዋጋ ይረክሳል ብላችሁ መዝገቡን አታዘግዩ። እንዲያውም አንድ ቀን ለውጥ ቢመጣ፣ ያን ቀን ለመለካት የዛሬው ዋጋ ተጽፎ መገኘት አለበት።

የቆጪዋ አብሳይ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ “የለም” ብለሽ ጻፊ ያሉኝ ነገር ደብተሬን በሌላ ዓይን እንዳየው አድርጎኛል። ያ የክረምት ወር ነው ሲያንገበግበኝ የኖረው፤ አሁን የት እንደሚጻፍ አወቅሁ።

የጠመኔውን ነገር ዛሬውኑ ሞከርሁት። ሦስት ጊዜ የተቀባ አሮጌ ሰማያዊ ሲሊንደር ነበረኝ፤ ጠመኔውን ስጠርገው ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ሚዛናቸውን ፈቅደውልኛል። ከሰፈር ሌሎች ሁለት ሴቶችም አብረውኝ ሊመዘግቡ ተስማምተዋል፤ አንዷ ትንሹን ሲሊንደር ነው የምትጠቀመው፣ ስለዚህ የእርሷ ረድፍ ለብቻው ይሆናል።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ሦስት የተለያየ ዋጋ ቢነግሩን የወሩ ዋጋ ብለን የትኛውን እንያዝ? አማካዩን ነው? ደግሞ አንደኛው ሱቅ ሲሊንደር አጉድሎ የሚሰጥ መሆኑን በሚዛን ብናረጋግጥ ስሙን በመዝገቡ ላይ እንጻፍ ወይስ እንተወው? እኔ ሰው ማዋረድ አልሻም፤ ጎረቤቶቼ ሲታለሉ ዝም ማለትም አይሆንልኝም።

ጡረተኛው ዋጋ ሰብሳቢ

ሦስቱንም ይጻፉ። የወሩ ዋጋ ለሚሉት ግን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው የመካከለኛውን ይያዙ። በሦስት ሱቅ ላይ አማካይ ሲወሰድ፣ ዕጥረት በመጣ ቀን ዋጋውን የሰቀለ አንድ ሰው ወሩን ሁሉ ይጎትተዋል። ከሁለቱ ሱቆች ጋዝ ቢጠፋና አንዱ ብቻ ቢኖረው የዚያን ሱቅ ዋጋ ይያዙና “ከሦስቱ በአንዱ ብቻ የተገኘ” ብለው ከጎኑ ያስፍሩ።

ስለ ጎዶሎው ሲሊንደር፣ በደብተሩ ላይ ለሱቆቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚል ምልክት ይስጧቸው፤ ማን ማን እንደሆነ እርስዎና ሁለቱ ጎረቤቶችዎ ካወቃችሁ ይበቃል። ኪሎው ስለሚጻፍ ጉድለቱ በዋጋው ውስጥ ራሱ ይታያል። መጀመሪያ ወደ ባለ ሱቁ ሄደው ሲሊንደሩን ፊቱ ላይ ያስመዝኑ። እርሱም ከላይ እንደመጣለት ተቀብሎ የሚሸጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቸርቻሪው ራሱ አይሞላም፣ የሚሞላው ሌላ ቦታ ነው። ካስተካከለ ጥሩ። ካላስተካከለና ከተደጋገመ ቀኑንና ኪሎውን የያዘውን ደብተር ይዘው ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በጽሑፍ የተያዘ ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው እንዲሁ መመለስ ያስቸግራል።

የትንሹን ሲሊንደር ረድፍ የምትይዘው ጎረቤትዎ የባጃጁን ክፍያ ለብቻው መጻፏን አደራ ይንገሯት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ስትጨርሱ ቁጥሮቹን እዚህ አምጡልኝ፤ አብረን ተቀምጠን እናያቸዋለን።